የፊደል ጉድለት

ናይፍ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኤሲው እያጓራ፣
ሰኔን ተቀመጥን ከሦስት ካርቶን ደረሰኝ ጋራ፤
ፍርድ ቤት የሾመው የሒሳብ መርማሪ፣
ኩሪያን ከኬረላ፣ ዝምታ አፍቃሪ፣
እኔ ደግሞ በሰዓት ተከፋይ ቋንቋ አሻጋሪ።

የተካሰሱት ሰዎች ሸሪኮች ናቸው፤
አንዷለም፣ ሙዘሚል፤ ካርጎ ነው ሥራቸው።
ብርድ ልብስ፣ ቴሌቪዥን፣ የሕፃን ጋሪ፣ ጎማ፣
የሴት ልጆች ላብ በሻንጣ ታጭቆ፣
በኪሎ ተመዝኖ፣ በገመድ ታንቆ፣
ያለፈበት ሱቅ ነው ከዴራ እስከ ጅማ።

አሥራ አንድ ዓመት አብረው በአንድ ቁልፍ ከፈቱ፤
ውል የሚባል የለም፣ ቃል ነበር እምነቱ።
አሁን ከየጠበቃቸው ጋር በሁለት ሊፍት ይወጣሉ፤
ኮሪደር ሲገናኙ ስልካቸውን ያያሉ።

ኩሪያን አይቸኩልም። ሻዩን ያቀዘቅዛል፣
ደረሰኙን አንስቶ ከብርሃን ፊት ይይዛል፤
ቀለሙን ያሸታል፣ ቀኑን ይጠይቃል፣
የነዳጁን ወረቀት ከሾፌሩ የዕረፍት ቀን ጋር አጋጭቶ ይስቃል።
«ቁጥርም ይዋሻል» አለኝ አንድ ቀን፣
«ግን ለአንድ ውሸት ሦስት ቦታ መድገም ያሻዋል፤
ሁለቱን ያስታውሳል፣ ሦስተኛውን ይረሳዋል።»

ጉድለቱ ተገኘ፤ ስልሳ ሁለት ሺ ድርሃም።
በየዓመቱ ከሴፕቴምበር ስድስት እስከ አሥር፣ ሌላ ጊዜ የለም።
«ለምን ይህች ሳምንት ብቻ?» ብሎ ግራ ገባው።
እኔ ግን ደነገጥኩ።
«ጳጉሜን ናት» አልኩት፣ «እኛ አሥራ ሦስት ወር አለን።»
እስክሪብቶውን አስቀመጠ።
«አሥራ ሦስተኛ ወር! ሌባ ብሆን ኖሮ
እዚያ ነበር የምደብቀው።»

ከዚያ ደብተሩ መጣ፣ ከአንዷለም መሳቢያ፣
ባለ ሃምሳ ሉክ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለው።
ቁጥሩ ሁሉ በግዕዝ፤ ፷፪፻፣ ፸፩፻፣ ፹፻።
ኩሪያን እንደ ጌጥ አየው።
«ዜሮው የታል?» አለኝ።
«ዜሮ የለውም።»
«ታዲያ ባዶ መሆንን በምን ይጽፉታል?»
መልስ አልነበረኝም።

ከመጀመሪያዋ ጳጉሜን አናት ላይ አንዲት ቃል አለች፤
አራተኛዋን ፊደል ላብ በልቷታል፣ ጠቁራለች።
ተ፣ በ፣ ደ፣ ከዚያ ጠብታ፣ ከዚያ ኩ።
«ር» ብትሆን፣ ተበደርኩ፤ ብድር ይመለሳል።
«ል» ብትሆን፣ ተበደልኩ፤ በደል በምን ይካሳል?
ኩሪያን በአጉሊ መነጽር አየ፤ ወረቀቱን አዘነበለ፤
«አንዱን ጻፊ» አለ።

ካርቶኑን ገለበጥን፣ ወደ ኋላ ሄድን።
ከዚያች ጳጉሜን በፊት፣ በነሐሴ ሐሩር፣
አንድ ደረሰኝ አለ፣ ሰሌዳ ለማሠር፣
ዘጠኝ መቶ ድርሃም።
የድሮው ጽሑፍ «ሁለቱ ወንድማማች» ነበር፤
አዲሱ «ሙዘሚል ካርጎ»፣ በሚያበራ ቀለም።
ኩሪያን መዘገበው፤ የማስታወቂያ ወጪ፣ ትክክል፣ ማኅተም አለው።
ለተፋቀው ስም ግን ዓምድ ፈለገ፤ ሠንጠረዡም የለው።

እኔም እንዲህ ስል ፈረምኩ፤
«አራተኛዋ ፊደል አትነበብም።»
እውነት ነው። ሌሊቱን ግን ዐይኔ ሲያነባት አደረ፤
አንዴ ር፣ አንዴ ል።

በማግስቱ ሙዘሚል ቅጂውን ይዞ ኮሪደር ጠበቀኝ።
«የሱን እጅ ጽሑፍ አሥራ አንድ ዓመት ያነበብኩ እኔ ነኝ» አለኝ።
ወረቀቱን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ነጩ ፀሐይ አነሣ፤
ጠብታዋን በአውራ ጣቱ ጠረጋት፣ እንደሚለቅ ነገር።
ምን እንዳነበበ አልነገረኝም።
ሊፍቱ መጥቶ ተከፈተ። ውስጥ አንዷለም ቆሟል።
በሩ ተመልሶ እስኪዘጋ ሁለቱም አልተናገሩም።
ከዚያ ሙዘሚል ሦስቱን ፎቅ፣ ደረጃ በደረጃ እየቆጠረ፣
በእግሩ ወረደ።